አንድ መልክ ያላቸው ወንድማማቾች

ማቴዎስ ላምቤቦ ጠዋት ጠዋት ከአውቶቡሱ ጀርባ ያለውን መሰላል እስከ ግማሽ ይወጣል፤ በአንድ እጁ ብረቱን ይይዛል፤ አንዴ ሳል ብሎ ጉሮሮውን ያጸዳል፤ ከዚያ ይጠራል። የሆሳዕና መናኸሪያ ጠሪዎች ሁሉ የከተማ ስም ይጠራሉ። ማቴዎስ ምክንያትም ይጨምራል። «ዳምቦያ! ዳምቦያ! አማትህ ታማለች፣ ሄደህ ጠይቃት! ዳምቦያ!» ይላል። አማቱ ደህና የሆነች ሰው እንኳ ቆም ብሎ ያስባል። የእሱ አውቶቡስ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚሞላ ሾፌሮቹ ይሻሙበታል። በመናኸሪያው የሚሠራው ቀበሌው በሰጠው ቀይ የክንድ ጨርቅ ነው። ያ ጨርቅ የሌለው ሰው ግቢው ውስጥ ድምፁን ከፍ ማድረግ አይፈቀድለትም፤ ማቴዎስ ደግሞ ከድምፁ ሌላ ሙያ የለውም።

በ1972 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ የፊልም ማሳያ መኪና መጣ። ይዞት የመጣው ፊልም በአንድ ወዳጅ አገር የተሠራ ሲሆን፣ ፋሺስቶች የአንዲት ትንሽ መንደር ሕዝብ እንዴት እንደጨረሱ ያሳያል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በአውራጃው ውስጥ አልተገኘም። ጄኔሬተሩም ይጮኻል። የባህል ክፍሉ ኃላፊ ጓድ አሳምነው ከጄኔሬተር በላይ የሚሰማ ድምፅ ሲፈልጉ ማቴዎስን ከመሰላሉ ላይ አወረዱት።

«ፊልሙ ስለ ዘር ማጥፋት ነው» አሉት። «የምታየውን ብቻ በሀዲይኛ ተናገር። አትጨምር።»

የመጀመሪያው ትርኢት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሆነ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ፤ ሕዝቡ በቀበሌ በቀበሌው ተቀመጠ። ፊልሙ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ መሆኑ ወዲያው ታወቀ። ተዋናዮቹ ተሰብስበው አንድ ላንድሮቨር አይሞሉም። ከነሱ መካከል ወፍራም ጥቁር ሪዝ ያለው፣ ግንባሩ ላይ ኪንታሮት ያወጣ ሰውዬ ነበር። መጀመሪያ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ተገደለ። ማቴዎስ «ገደሉት» አለ። ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ትንሽ ቆይቶ ያው ሰውዬ ባርኔጣ አድርጎ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተገደለ። ማቴዎስ አሁንም «ገደሉት» አለ። ከንፈር የመጠጠው ቀነሰ። ሰውዬው መነጽር ሰክቶ በአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ሲቆም፣ ባለሱቁ አህመድ ከመካከል ብድግ አለ።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ስንቴ ነው የሚሞተው? አሳርፉት እንጂ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት የተቀመጡት ግን ብዙዎቹ እያለቀሱ ነበር። ዞረው ሳቂዎቹን ተቆጡ፤ ሳቂዎቹ በቁጣቸው ይባስ ሳቁ። አንድ ጫማ በሸራው ፊት በረረ። ጓድ አሳምነው ፊልሙን ሳያልቅ አስቆሙት፤ መጨረሻውን ማንም አላየም።

«ሕዝቡ በፋሺስት ግፍ ሳቀ ብዬ ለበላይ አካል ላሳውቅ?» አሉ ማቴዎስን ወደ ጥግ ወስደው። «ሐሙስ ዳምቦያ ይታያል። እዚያም ከተሳቀ የክንድ ጨርቁን ታስረክባለህ።»

«እኔኮ አልሳቅሁም፣ ጓድ።»

«ድምፁ ያንተ ነው» አሉት።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ያለችው የትርፊት ሻይ ቤት ለሁለት ተከፍላ ነበር፤ የሳቁት በግድግዳው በኩል፣ ያለቀሱት በበሩ በኩል። ማቴዎስ ቦታ አጥቶ መሐል ላይ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ተቀመጠ።

«ገንዘብ ካጠራቸው ለምን መንደር ይጨርሳሉ?» አለ አህመድ። «ሁለት ሰው ገድለው መተው ይችሉ ነበር።»

«አንተ ደግሞ!» አለች ትርፊት ሻይ እየቀዳች። «ያው ሰው ሁለቴ ቢሞት ሁለቴ ነው የሚለቀስለት።»

«እንዲያ ከሆነ ንፍሮውም ሁለቴ ይቀቀልልን!»

በግድግዳው በኩል ያሉት አጨበጨቡ። ትርፊት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ሳቅ አንተ። የእኔ ወንድሞች አምስት ነበሩ፤ አምስቱም አንድ መልክ። እናታችን እንኳ ከኋላ ስትጠራቸው ትሳሳት ነበር። ሁለቱ ከኦጋዴን ሳይመለሱ ሲቀሩ፣ መልካቸው እቤት አለላችሁ፣ አታልቅሱ ያለን ሰው የለም።»

አህመድ ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶ ነበር።

«አንድ መልክ?» አለ ማቴዎስ ከሣጥኑ ላይ። «አምስቱም?»

«አምስቱም። ምነው?»

«ምንም» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ሐሙስ ዳምቦያ ላይ የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ማቴዎስ ዕድሜውን ሙሉ መንገደኛ ሲጠራበት በኖረው ከምባትኛ ጀመረ። ሰውዬው ጉድጓዱ አጠገብ ሲወድቅ፣ «ይሄ ጴጥሮስ ነው፤ የቤቱ የበኩር ልጅ!» አለ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ አንድ ጎረምሳ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ማቴዎስ ግን ቀደመው። «ወንድሙ ኤሊያስ! መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው!» የተከፈተው አፍ ለዋይታ ዋለ። መነጽር ያደረገው አስተማሪ ሦስተኛው ልጅ ሆነ። ጓድ አሳምነው በጨለማው ውስጥ ጠንከር አድርገው ሳሉ። ማቴዎስ አልሰማም፤ ወይም ጄኔሬተሩ ነው ብሎ ተወው።

እማማ እታለም የሚባሉ ቅቤ ነጋዴ አሮጊት ከፊተኛው አግዳሚ ወደ እሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ እናት አለቻቸው?»

ይህን አላሰበበትም ነበር። በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴት ጭራሮ ተሸክማ በሸራው ላይ ታልፍ ነበር።

«ያቻትና!» አለ።

ከዚያ ወዲያ ጭራሮ ተሸካሚዋ ብቅ ባለች ቁጥር አዳራሹ አብሯት አለቀሰ። ሴትየዋ በበኩሏ ፊቷን አንዴም ሳታዞር ታልፋለች። «ኀዘን አደንዝዟት ነው» አሉ እማማ እታለም።

በመጨረሻው የፊልም ጥቅል ላይ አንድ በር ተከፈተና የፋሺስቶቹ መኮንን ገባ። ቆብ አድርጓል፤ ቦት ጫማ ተጫምቷል፤ ሽጉጥ ታጥቋል። ሪዙ ያው ሪዝ ነው። ኪንታሮቱም በቦታው አለ።

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ ማቴዎስ ዞረ። ማቴዎስ ክንዱ ላይ ያለውን ጨርቅ በጣቱ ነካ።

«ይሄስ ማነው?» አሉ እማማ እታለም።

«የመጨረሻው ልጅ ነው!» ብሎ ጮኸ። «የገዳዮቹን ልብስ ሰርቆ፣ የቀሩትን ሊያድን መካከላቸው ገባ!»

እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ሽማግሌዎች ዱላቸውን አነሡ። መኮንኑ በሸራው ላይ እጁን እያወናጨፈ ወታደሮቹ ላይ ጮኸ። «ተዉ እያላቸው ነው!» አለ ማቴዎስ። ወታደሮቹ ቤቱን አቃጠሉት። «እምቢ አሉት!» አለ ማቴዎስ።

ከዚያ የመንደሩ አርበኞች ከጫካ ወጡና መኮንኑን በጥይት መቱት።

ዳምቦያ ብድግ አለች። «አትተኩሱ! የገዛ ወገናችሁ ነው!» እያሉ ወጣቶቹ ወደ ሸራው ሮጡ፤ ፊልሙን የሚያሳየው ኦፕሬተር ማሳያውን እንደ ሕፃን አቀፈው። ግርግሩ በረድ ሲል ጭራሮ ተሸካሚዋ በባዶ መንገድ ብቻዋን ስትሄድ ታየች፤ ፊልሙም አለቀ። እማማ እታለም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«አንድ እንኳ ለዘር አላስቀሩላትም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ነገር ግን ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

የሳቀ አልነበረም።

ቅዳሜ የዳምቦያው አውቶቡስ ሙግቱን ጭኖ ሆሳዕና ገባ። ዶሮ በብብቷ የያዘች ሴት ገና ከመውረዷ መናኸሪያውን በዓይኗ ቃኘች።

«በአራት ወንድማማቾች ሬሳ የሳቃችሁት እናንተ ናችሁ?»

«ምን አራት!» አለ አህመድ ከትርፊት በር ላይ። «አንድ ሰውዬ ነው!»

«አንድ ሰውዬስ አንተ! ለዚያውም ግማሽ!»

ትርፊት ማንቆርቆሪያ እንደያዘች እስክትጎብጥ ሳቀች። ሻዩ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«እሺ፣ አራተኛው የታለ? እኛ ያየነው ሦስቱን ነው» አለ አህመድ።

«መኮንን መስሎ ገብቶ ተገደለ።»

«ያ ሪዛሙ? መኮንን? ማን ገደለው?»

«የገዛ ወገኖቹ!»

አህመድ ከበሩ ወደ ፊት ወጣ። «ይሄን ሳላይማ...» አለ።

ወዲያው ሙግቱ ቆመ፤ ጓድ አሳምነው በመናኸሪያው በር ገብተው ነበር። በቀጥታ ማቴዎስ ወደ ወጣበት መሰላል ሄዱ።

«ጓድ ማቴዎስ።»

«አቤት፣ ጓድ።»

«አትጨምር ብዬህ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር።»

«የዳምቦያ ሕዝብ ለፋሺስት መኮንን አለቀሰ።»

«ለመጨረሻው ልጅ ነው ያለቀሱት፣ ጓድ።»

ይህን ብሎ ከመሰላሉ ወረደና የክንድ ጨርቁን መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ጠብቆ አስቸገረው። ጓድ አሳምነው ለጥቂት ጊዜ ሲታገል ተመለከቱት።

«ተወው፣ አትፍታው» አሉ። «ማክሰኞ ሀቢቾ ይታያል። ወንድማማቾቹ ይቀጥሉ። እናትየዋም ትቀጥል። መኮንኑ ግን ፋሺስት ነው፤ ፋሺስት ሆኖ ይሙት።»

«መልኩንስ ምን ላድርገው?»

ጓድ አሳምነው አሰቡ። አህመድም አሰበ። ዶሮ የያዘችው ሴትም አሰበች።

«ኦፕሬተሩን አነጋግራለሁ» አሉ በመጨረሻ።

ማክሰኞ አህመድ ሱቁን ዘግቶ በሀቢቾው አውቶቡስ ሄደ። መኮንኑ ሸራው ላይ በወጣ ቁጥር ኦፕሬተሩ ምስሉን ሪዙ እስኪጠፋ አደበዘዘው።