አንቱታ

መምህራኑ «እመት ገመድ» ይሏታል። በሄደችበት ትምህርት ቤት ሁሉ የፕሮጀክተር ገመድ ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ ስለምትገባ ነው። መጀመሪያ የሒሳብ መምህር ነበረች። ለባልደረቦቿ የኮምፒውተር አጠቃቀም ስታሳይ ርእሰ መምህሩ አይቶ ለአሰልጣኝነት አጫት። ሥራው ሰመረላት፤ ታብሌት መንካት የሚፈሩ አንጋፋ መምህራን እንኳ እየሳቁ ይማሩላት ነበር።

በኋላ ግን ትምህርት ቢሮው ስልጠናው ፈተና እንዲኖረው፣ የወደቀም ከማስተማር እንዲነሳ ወሰነ። ፈታኟ እሷው ሆነች። ከተፈታኞቹ አንዷ ታላቅ እህቷ ነበረች፤ እናታቸው ስትሞት እናት ሆና በመምህርነት ደመወዟ ያሳደገቻት። በፈተናው ቀን እህቷ ስክሪኑን በነካች ቁጥር ያላሰበችው ነገር ይከፈትባታል።

«እትዬ፣ ቀስ በይ» አለቻት።

«ቀስ ብያለሁ እኮ። ጣቴ ነው እንቢ ያለኝ።»

የወደቁት መምህራን ከኋላ ቆመው ያያሉ። እህቷን ብታሳልፍ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? ጣለቻት።

እህቷ ከክፍል ተነስታ መጻሕፍት ቤት ተመደበች። አቧራ ከማራገፍ በቀር ሥራ አልነበራትም። እመት ገመድ ግን የስልጠና ኃላፊ ሆና ተሾመች። ከሰው አፍ ከምትሰማው ብላ ራሷ ልትነግራት ቤቷ ሄደች።

እህቷ በሩን ከፈተችላት፤ ወንበርም አቀረበችላት። «እንኳን ደስ ያለዎት። ይቀመጡ» አለቻት።

ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። «እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ» አለች።

«አውቄዎታለሁ።»

ዛሬም እየሄደች ትጠይቃታለች። ዛሬም አንቱ ትባላለች።