ሱሚዬ «አመመኝ» ያለች ጠዋት

የያትሱሺሮ አገር ገበሬ ለምንጣፍ መሥሪያ የሚሆነውን ቄጠማ የሚያጭደው ጎህ ሳይቀድ ነው። ፀሐይ ከበረታች በኋላ የታጨደ ቄጠማ ጠውልጎ የምንጣፉን መልክ ያበላሻል። ሱሚዬ ኦጋታ ወደዚህ ሥራ የገባችው በሙሽርነቷ ነው፤ እጇ ፈጣን፣ ወገቧ ጠንካራ፣ አፏ ደግሞ ዝግ። ማጭድ ጣቷን ሲቆርጣት በጨርቅ ጠቅልላ የምትቀጥል፣ ምጥ ሲይዛት እንኳ ጎረቤት ያልሰማት ሴት ናት። በዚያ አገር ይህ ትልቅ ሙያ ነው። ሰው ማስቸገር ነውር፣ ሕመምን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መዋጥ ደግሞ ጨዋነት ነው። ሱሚዬም በዚህ ትኮራ ነበር፤ ይኸው ኩራቷ ሊገድላት ምንም አልቀረው።

ሃምሳን ከዘለለች በኋላ ሊነጋጋ ሲል አንድ ነገር ደረቷን ጨምድዶ ይይዛት ጀመር። ትንፋሿን ያሳጥራታል፣ በላብ ያጠምቃታል፣ ከዚያ ይለቃታል። ከሰዓት በኋላ የቄጠማ ሸክም ይዛ ብትሮጥ ግን ምንም አይላትም። ሐኪሞች በቀን መረመሯት፤ ደረጃ አስወጧት፣ አስወረዷት፣ ልቧን በማሽን አዩት፣ ደኅና ነው። «ነርቭ ነው» አሏት። መንደሩም ወሬውን አነሣው፤ የኦጋታ ሚስት የምትታመመው አጨዳ ሲደርስ ነው ተባለ። ባሏ ጉንጂ ምንም አላለም፤ ከሁሉ ያንገበገባት የእሱ ዝምታ ነበር። ታላቅ እህቷ ኪኑ እንዲሁ በንጋት ደረቷን ይዛ ነው የሞተችው። ያን ጊዜም ድካም ነው ተብሎ ታለፈ።

በመጨረሻ ኩማሞቶ ከተማ ኩሳካቤ የሚባል የልብ ሐኪም ሆስፒታል አስተኛት። ይህ ሰው የልብ ደም ሥር በስብ ሳይደፈንም በድንገት ተኮማትሮ ሊዘጋ ይችላል ብሎ የሚያጠና፣ በዚህም ከስንቱ ሐኪም ጋር የሚከራከር ነበር። መኮማተሩ የሚመጣው ሰው አርፎ ሳለ፣ ይልቁንም በንጋት ነው ይላል። ሕመሙ እያለ በማሽን ካልተያዘ ግን ማስረጃ የለም። ስለዚህ ለሱሚዬ የሰጣት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ሲያማት ደወሉን መጫን።

ሱሚዬ ግን አልተጫነችውም። ሕመሙ ሲመጣ ዙሪያዋን አየች፤ የክፍሉ ሴቶች ተኝተዋል፣ ነርሷም ብቻዋን ስትሮጥ ነው ያደረችው። ጥርሷን ነክሳ አሳለፈችው። በሌላውም ቀን እንዲሁ። ሐኪሙ ሲጠይቃት «ደኅና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው አባባል ለእሷ የተባለ ይመስላል። ማሽኑ ምንም ስላላገኘ ቅዳሜ ትወጣለች ተባለ። ነርቭ የሚለውን ስም ተሸክማ ወደ መንደሯ ልትመለስ ነው።

ያጋለጠቻት የጎን አልጋዋ አሮጊት ቶሜ ናት፤ የዓሣ አጥማጅ መበለት፣ ለማንም የማትመለስ ምላሰኛ።

«ዶክተር፣ ይቺ ሴትዮ በየንጋቱ አንሶላ ስትነክስ ነው የምታነጋው» አለች። «እኔ የተኛሁ መስሏት። አሮጊት መቼ ተኝታ ታውቃለች?»

ኩሳካቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መቆጣቱ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። እውነት መሆኑን ሲጠይቃት ሱሚዬ አቀረቀረች፤ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው አለች።

«እኔን ላለማስቸገር ብለው ገደል ከተቱኝ እኮ፣ ወይዘሮ ኦጋታ። ነገ እንደ እርስዎ የሚያማት ሴት ስትመጣ፣ ሐኪሞች ነርቭ ነው ብለው ይመልሷታል። እርስዎ የሚያስቸግሩት እሷን ነው።»

ሱሚዬ ያን ቀን ሙሉ ኪኑን ስታስብ ዋለች።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል መጣባት፤ ከወትሮው የጠና ነበር። እጇን ብትሰድ ደወሉ ከአልጋው ሥር ወድቋል። ዝም ብትል እንደ ለመደችው ያልፍ ይሆናል፤ እንደ ኪኑም ይገድላት ይሆናል። ሱሚዬ በዕድሜዋ ያላደረገችውን አደረገች።

«አመመኝ!» ብላ ጮኸች። «ኧረ ሰዎች፣ አመመኝ!»

ክፍሉ በሙሉ ነቃ። ቶሜ «ጎሽ፣ ድገሚው!» አለቻት። ነርሷ ማሽኑን እየገፋች ደረሰች፣ ወረቀቱ ላይም የልቧ ምት መስመር ወደ ላይ ተሰቅሎ ወጣ። ከምላሷ ሥር ክኒን ሲያደርጉላት ሕመሙ ለቀቃት፤ መስመሩም ወደ ቦታው ተመለሰ።

የቅዳሜው መውጣት ቀረ። ሌላ ቀን ማለዳ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በጭኗ በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ልቧ ሰደዱ። ኩሳካቤ ሕመሙን በመድኃኒት ቀሰቀሰው፤ እሷም ገና ሲጀምራት፣ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። የልቧ ደም ሥር ፎቶ ተነሣ። ደም ሥሩ እንደ ክር ቀጥኖ ተዘግቷል። ማስታገሻ ሲሰጧት ተከፈተ፤ ስብ የሚባል ነገር የለበትም።

ሐኪሙ ጉንጂን አስጠርቶ ሁለቱን ፎቶዎች አሳየው። በየቀኑ ክኒን ከዋጠች አጨዳዋን ትቀጥላለች፣ ፎቶዎቹንም የአገሩ የልብ ሐኪሞች ሲሰበሰቡ አሳያቸዋለሁ አለ። ከዚያ ወደ ሱሚዬ ዞረና ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት። እሷም ልትነሣ ራሷን ቀና ብታደርግ ነርሷ ትከሻዋን ያዘቻት፤ ቱቦው የገባበት ቁስል እንዳይደማ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። እጅ መንሣቱን ተኝታ ተቀበለች። ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት።

ጉንጂ ባርኔጣውን አወለቀ። ለሚስቱ እጅ ነሥቶ የማያውቅ ሰው፣ ከሐኪሙ አጠገብ ቆሞ ጎንበስ አለ።

«እኔም እንደ መንደሩ ነበር የማስበው» አለ፣ ቀና ሳይል።

ሱሚዬ «ምንም አይደለም» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

«አሞኝ ነበር፣ ጉንጂ» አለችው። ቀና እስኪልም ሳትቸኩል ጠበቀችው።