ስብሰባውን ወደ ቤት ያዛወርኩት እኔ ነኝ

የባህል ማኅበራት በገንዘብ እጦት ይሞታሉ ይባላል። በአባላት አለመግባባት ይፈርሳሉም ይባላል። በየሥልጠናው የሚባለው ይኸው ነው፤ እኔም ማይክ በተሰጠኝ ቁጥር ብዬዋለሁ። ውሸት ነው። ቦንጋ ያለው የእኛ ማኅበር እስከ ዛሬ በሩ ያልተዘጋው አባላቱ በአንድ ነገር ፍጹም ስለተግባቡ ነው፤ የተግባቡበትን ነገር ያመጣሁላቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ረጂዎች ፊታቸውን ባዞሩበት በዚህ ጊዜ ስንቱ ማኅበር ቢሮውን ለቆ ወንበሩን ሲሸጥ እኛ አለን። እንዴት ቆያችሁ ብለው ከሌላ ዞን ሳይቀር ሊማሩ ይመጣሉ። አስተምሬ እሸኛቸዋለሁ። ይህን ግን አልነግራቸውም። ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም በገባ ቁጥር ሐሜቴንና ቁጣዬን ስዘረዝር ይህችን እዘላታለሁ። እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። የመረጥኳችሁም ካህን ስላልሆናችሁ ነው፤ ካህን ይፈታል፣ እናንተ መፍታት አትችሉም።

ወደ ከፋ የመጣሁት መምህር ሆኜ ተመድቤ ነው። ተወላጅነቴ ሰሜን ሸዋ ነው። አንድ ዓመት አስተምሬ እዛወራለሁ ያልኩ ሰው አግብቼ፣ ወልጄ፣ ቤት ሠርቼ ቀረሁ። ማኅበሩ ተረት ይሰበስባል፣ ለልጆች በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ መጻሕፍት ያሳትማል፣ የሙዚቃ ጓድ አለው፣ በየዓመቱም ትልቅ ድግስ ይደግሳል። ካፊኖኖ አጥርቶ የማይናገር ሰው ጸሐፊ ያደረጉት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፕሮፖዛል መጻፍ የተማረ ሰው ልመና ነው፤ እኔ ብዙ አንብቤያለሁ፣ አሳምሬ እለምናለሁ።

አንድ ረጂ ድርጅት ልመናዬን ወደደና ጥያቄ ላከ። ቦርዳችሁ ውስጥ ከተገለሉ ማኅበረሰቦች የመጣ ሰው አለ? አልነበረም። በከፋ ማንጆ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በአደን የኖሩ፣ ዛሬ የሚያርሱ፣ ለከተማው ማገዶና ከሰል የሚያቀርቡ ናቸው። ሌላው ሰው ከእነርሱ ጋር አይጋባም፣ አብሮ አይበላም፣ ቤቱም አያስገባቸውም። ለምን ሲባል የዱር አሳማና ጉሬዛ ይበላሉ ይላል። ብዙዎቹ ይህን ትተው ቤተ ክርስቲያን ከገቡ ቆይተዋል፤ መጸየፉ ግን ይህን ወሬ ገና አልሰማም። ዛሬ እየቀረ ነው የሚሉኝ አሉ። ከሚሉኝ ውስጥ አንዳቸውም ማንጆ አይደሉም።

ስለዚህ ሄጄ አንድ ማንጆ አመጣሁ። አመጣሁ ነው የምለው፤ ዕቃ እንደሚመጣ።

ስሙ ቆጭቶ ነው። ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሰፈር ይኖር ነበር፤ የሰፈሩ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ አማርኛ ይችላል። ፕሮፖዛሉ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። በእውነት ለመናገር አሰልቺ ሰው ነበር። ወሬ ያረዝማል፣ በራሱ ቀልድ ከማንም ቀድሞ ይስቃል፣ ለስብሰባ የሚለብሳትን ቡናማ ኮት በፀሐይም አያወልቃትም፣ አበል ይወዳል። እኔም አበል እወዳለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድትታዘቡት አይደለም። የበደልኩት ሰው መልአክ ነበር ብዬ ብጽፍ ከመልአክ ጋር የተጣላሁ ትልቅ ሰው እመስላለሁ። የተጣላሁት ወሬ ከሚያረዝም ሰው ጋር ነው።

በዕድሜ በደንብ ይበልጠኛል። በቃለ ጉባኤ ላይ «አቶ ቆጭቶ» ብዬ እጽፈዋለሁ፤ በአፌ «አንተ» እለው ነበር። እሱ እኔን «እርስዎ» ይለኛል። ይህ ለምን ትክክል መሰለኝ? አስቤበት አላውቅም። ማሰብ ሙያዬ ነው እያልኩ የምኖር ሰው ነኝ።

ሌላም አለ። ጅማ ለሥልጠና አብረን ሄደን ሆቴል ውስጥ ከአንድ ትሪ በልተናል። ክትፎውን ወደ እኔ እየገፋ «ይብሉ እንጂ መምህር፣ ከአሠልጣኙ የሚሻለው ይሄ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ከልቤ ሳቅኩ። አልጠየፍኩትም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ የሠራሁትን የሠራሁት ምንም ሳልጠየፈው ነው።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ፣ አጀንዳው ሁሉ አልቆ ኮታችንን ስናስተካክል፣ እጁን አወጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ስመጣ ቦርድ ነኝ። ድግሱ ላይ ስመጣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ነኝ። የትኛው ነው እኔ?»

እንደ ልማዱ ሳቀ። ማንም አልተከተለውም። በድግሳችን ማንጆዎች ይጠራሉ፤ ምግባቸው ግን የሚሰጣቸው ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ በኮባ ቅጠል ላይ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ማንም በአፉ ብሎት አያውቅም።

«በዚህ ዓመት የእኛ ሰዎችም ድንኳን ውስጥ ይቀመጡ» አለ። «በሳህን ይብሉ። ሳህኑ ኋላ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሳህኑን እኛ እናመጣለን፤ ስንሄድ ይዘነው እንሄዳለን።»

ሊቀመንበራችን ጋሽ ታደሰ፣ ዕድሜውን በመንግሥት ቢሮ የጨረሰ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገና «በይደር ይያዝ» አለ። ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

«መምህር፣ ይሄ ሰውዬ ድንኳኑን ባዶ ሊያስቀርብን ነው። በሬ የሚሰጡት፣ ማር የሚያመጡት እግራቸውን አያነሱም።»

«ብናስወጣው ረጂዎቹ ይጠይቃሉ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምንድነው አንተን ያስተማሩህ? ዘዴ ፈልጋ!»

ፈለግኩ። መጽሐፍ ማገላበጥ አላስፈለገኝም፤ ቤቴ ሳልደርስ አገኘሁት። ቢሮው እድሳት ላይ ነው እንበል፤ ስብሰባውን ገንዘብ ያዣችን እትዬ አስቴር ቤት እናድርገው። ማንም ሰው ማንንም አላስወጣም። ደንባችን ያለ ምክንያት በተከታታይ የቀረ የቦርድ አባል በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል ይላል። ደንቡን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ልማዱ የእኔ አልነበረም። በተወለድኩበት አገር የምንጸየፋቸው ሌሎች ነበሩ፤ የዚህኛውን አገር መጸየፍ ተዋስኩትና ከባለቤቶቹ ይልቅ በዘዴ ተጠቀምኩበት። እነርሱ ያገለሉት ሳያስቡት ነው። እኔ አስቤበት ነው።

ጥሪውን ራሴ ደወልኩለት። በትሕትና።

በመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ዝናብ ነበር። እትዬ አስቴር ከተማው ውስጥ የታወቀች ነጋዴ ናት፣ ሳሎኗ ሰፊ ነው። እሷ ራሷ በመስኮት አየችውና «መጣ» አለችኝ። «መምህር፣ ብቻ እንዳይገባብኝ። ከገባ እናቴ ዳግመኛ ደጄን አትረግጥም።» ወጣሁ። አጥሩ በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ርሷል።

«ስብሰባው እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው። ግባ እንጂ።»

አየኝ። ሳሎኑን አየ። መልሶ አየኝ።

«እዚህ በረንዳው ላይ ወንበር ብናወጣስ?»

«በዚህ ዝናብ? ግባ፤ ማን ከለከለህ?»

እዚህ ላይ ቁሙ። ከሠራሁት ሁሉ የማልረሳው ይህን ነው። አትግባ ብዬው ቢሆን ሰውየው የሚጣላው ሰው ያገኝ ነበር። እኔ ግን ግባ አልኩት። ፈገግ ብዬ ግባ አልኩት። እንደማይገባ ስለማውቅ ግባ አልኩት። የመከልከሉን ሥራ ለራሱ ሰጥቼው፣ ራሱን ሲከለክል ቆሜ አየሁ። ጨዋነቴ አያስቀናም? «እንግዲህ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ» አለ። በሩን ስገባ ዘጋሁት፤ ብርድ ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ። የሚቀጥለውንም ስብሰባ እንደዚሁ አጥሩን ተደግፎ ዋለ፤ እንደዚሁ ጻፍኩ። በይደር የተያዘው የሳህኑ ነገር የተነሳው ያን ቀን ነው። ድምፅ ተሰጠበትና ወደቀ። መውደቁን የተቃወመ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያላሰብኩት ሆነ። ገባ።

ጫማውን ደጃፉ ላይ ደጋግሞ ጠርጎ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ፣ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኮቱን ቆለፈ። የማንም ስልክ ሳይጠራ ጋሽ ታደሰ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። ሌላው ሽንት ቤት አለ። ሌላው ጋሽ ታደሰን ልጥራው አለ። እትዬ አስቴር ምንም ምክንያት ሳትሰጥ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ እሱን ላለመንካት ግድግዳውን ታክካ አለፈች። ሳሎኑ ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ቀረን። መቆየት እችል ነበር። ከአንድ ትሪ የበላሁ ሰው ነኝ፤ አጠገቡ ሄጄ ብቀመጥ ምን እሆን ነበር? ከጸሐፊነት እነሳ ነበር። ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ አልነበረም። ተነስቼ ወጣሁ፤ ወጥቼም አልበቃኝ፣ ከበረንዳው ላይ አንገቴን ወደ ውስጥ አስገብቼ ነገርኩት።

«ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ስብሰባው ተበትኗል።»

«ሁላችሁም በረንዳው ላይ እኮ ናችሁ» አለ። «ከዚህ ሆኜ እቆጥራችኋለሁ።»

ይህን ሲል አልሳቀም። በራሱ ቀልድ ሳይስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ግን አንድ ሰው ፈነዳ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁላችንም። ጋሽ ታደሰ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ቆጭቶ ተነስቶ በመካከላችን አለፈ፤ ገለል ብለን አሳለፍነው። የተቀመጠባትን ወንበር እትዬ አስቴር ለማገዶ አስፈለጠቻት። ጥሩ ወንበር ነበረች።

ሁለተኛ አልመጣም፤ ደንቡም ሥራውን ሠራ። ለረጂው ድርጅት «አባሉ በግል ጉዳይ ምክንያት በፈቃዳቸው ለቀዋል» ብዬ ጻፍኩ። አዝነናል የሚል ቃልም ጨመርኩበት። በእሱ ቦታ ከተማ ገብቶ የሚማር፣ አንድም ቀን ስብሰባ የማይመጣ የማንጆ ወጣት ተካሁ፤ ስሙ በቂ ነበር።

ይህ አልበቃኝም። የድግሱ ወር ሲቃረብ ማንጆዎቹ ሳህን ብለው ቢመጡስ የሚል ሥጋት ተነሣ። መፍትሔ ያመጣሁት አሁንም እኔ ነኝ። አንዱን በሳህን ሌላውን በቅጠል ማብላት አድልዎ ነው፤ ስለዚህ አድልዎን ለማስወገድ ጨርሶ አንጥራቸው አልኩ። ቦርዱ አጨበጨበልኝ። እኩልነትን ለዚህ የተጠቀመበት ሰው ከእኔ በፊት ካለ ላገኘው እፈልጋለሁ፤ ብዙ የምንነጋገረው ይኖረናል።

ወሬውን የሰማሁት ለቤታችን ማገዶ ከምታመጣ፣ ከዚያው ሰፈር ከሆነች ሴት ነው። ሸክሟን ከበሩ ውጭ አውርዳ፣ መቀነቷን እያጠበቀች፣

«ያ ቦርድ የነበረው ሰውዬ አገር ለቀቀ እኮ መምህር» አለችኝ። «ከዚህ ርቆ ወደ ደካ ሄደ፤ ሚስቱንም ልጆቹንም ይዞ። ሰዉ መች አስቀመጠው! ሳህን አማረውና ቅጠላችንንም አስነጠቀን። ቤተ ክርስቲያንም ሲጸልይ አሜን የሚለው አጣ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩላት። ቅጠላችሁን የነጠቅኳችሁ እኔ ነኝ አላልኳትም። እሱ አልነበረም፣ እኔ ነኝ ብላት ቢያንስ የሰፈሩ ሰው ስሙን በደህና ያነሳው ነበር፤ ምናልባትም ይመለስ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። ዓረፍተ ነገር የማያጣ ሰው ነኝ። የማገዶዋን ዋጋ ሰጥቻት በሩን ዘጋሁ።

ደካ ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። መንገዱ አለ፤ መኪናም አለ። ግን ምን ልሠራ ነው የምሄደው? ደጁ ላይ ቆሜ ባለቅስ እሱ አማኝ ሰው ነው፣ «ምንም አይደለም መምህር» ይለኛል። አገር ያሳጣሁትን ሰው ደግሞ ሊያጽናናኝ ላስገድደው? ሚስቱስ ውኃ እያቀረበችልኝ? ጊዜው ነው፣ ልማዱ ነው፣ ማኅበሩን ለማዳን ነው ብዬም አልከራከርም። ማኅበሩን አድኛለሁ። ልጆች መጻሕፍቱን ያነባሉ፣ የሙዚቃ ጓዱ በየበዓሉ ይዘፍናል፣ ድንኳኑ ይሞላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ይህ ሁሉ ግን ያን ቀን በረንዳው ላይ ባደረግነው የተገዛ ነው።

ዛሬ ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። ልልቀቅ ብዬ ማመልከቻ ጽፌ አውቃለሁ፤ አሳምሬ ጻፍኩት፣ ካነበብኩት በኋላ እንዲህ የሚጽፍ ሰው መልቀቅ የለበትም ብዬ ቀደድኩት። ራሴን አውቀዋለሁ፤ በፈቃዴ አልነሳም፤ ወንበሩ ይጣፍጠኛል። ይህን የምታነቡት ብዙዎቻችሁ የዚሁ ማኅበር አባላት ናችሁ። ይቅርታችሁን አልፈልግም። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ስሜ ሲጠራ እጃችሁን አታውጡልኝ። አውርዱኝ።