ያብረቀረቀው ሂትሲንክ

ሆሳዕና ከተማ ቶርኖ ቤት ሥራ የገባሁ ዕለት ባለቤቱ ጋሼ ላምቤቦ መጥረጊያ ሰጡኝና «ማሽን ከመንካትሽ በፊት የብረቱን ብናኝ ልመጂው» አሉኝ። ለመድኩት። ዛሬም ከጣቶቼ አልወጣም፤ ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም።

ከረዳትነት ተነስቼ ብረት እየፋቀ ቅርጽ የሚያወጣው የፍሬዛ ማሽን ዋና ባለሙያ ሆንኩ። አብዛኛው ሥራችን የወፍጮ ዕቃ ነበር።

አንድ ጠዋት ታምራት የሚባል ደንበኛ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ከጃጁራ መጣ። የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለው። ኮምፒውተሩን የገዙለት ደቡብ አፍሪካ ያሉት ሁለት ወንድሞቹ ናቸው። የኮምፒውተሩ አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር ላይ ተቀምጦ ሙቀት የሚያወጣው አሉሚኒየም፣ ሂትሲንኩ፣ ተሰብሯል፤ አዲስ አበባም ተፈልጎ ታጣ።

«ይሄ ካልሠራ እኔም በደላላ ወደዚያው ነኝ» አለኝ። «እናቴ ሁለት ሸኝታለች። ሦስተኛ አትችልም።»

ድፍን አሉሚኒየም ማሽኑ ላይ አስሬ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚደረደሩትን ክንፎች በስስ መቁረጫ አንድ በአንድ አወጣሁ። ክንፉ ሲሳሳና ሲበዛ አየር ሙቀቱን ቶሎ ይወስዳል። አሉሚኒየም ግን አስቸጋሪ ነው፤ ነጭ ጋዝ ካልቀባችሁት መቁረጫው ላይ ይለጠፋል። መብራቱም ይሄዳል፣ ይመጣል። ወይ መከራ!

ከዚያ መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ፣ ፕሮሰሰሩን የሚነካውን ፊት በውሃ አሸሁት። ክንዴ ዛለ። ፊቱ ደብዛዛ ሆነ፤ ግን ለጥ ያለ ሜዳ።

ምሳ በልቼ ስመለስ ጋሼ ያንኑ ፊት በጨርቅ ማወልወያው ማሽን ወልውለው እንዲያብረቀርቅ አድርገውታል።

«እይው እስቲ! ልጁ ደስ ይበለው ብዬ ነው።»

ታምራት እውነትም ደስ ብሎት ነበር። እኛ ጋ ያላብረቀረቀ ሥራ ያለቀ አይመስልም። ብንገጥመው ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ብዙም ሳይቆይ ጋለና ጠፋ።

ታምራት አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። «በቃ፣ ለደላላው ልደውል።»

ሂትሲንኩን ፈትቼ የብረት ማስመሪያ አስደገፍኩበት። መሃል ላይ ብርሃን አሳለፈ፤ ጨርቁ ጎድጎድ አድርጎታል። መሃሉ ፕሮሰሰሩን ስለማይነካ ሙቀቱ መውጫ አጥቷል።

«ጋሼ፣ ምነው ባይነኩብኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ጮሄባቸው አላውቅም። ውሃ ቀድተው መጡና መስታወቱን ያዙልኝ። ያንኑ ድካም እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ።

ሁለተኛ ስንገጥመው አልጠፋም። ታምራት አላመነም፤ በር እስክንዘጋ ማራገቢያውን ሲያዳምጥ ዋለ።

ዛሬም ጃጁራ ነው። እናቱ ገበያ ስትወጣ ሱቁን ከውጭ አየት አድርጋ ታልፋለች አሉ። ክፍት ከሆነ ይበቃታል።

ፕሮሰሰር የሚነካ ፊት ይስተካከላል እንጂ አይወለወልም።