ከሥር የምትመጣው ፀሐይ

በጣራ ሠራተኞች ዘንድ ስሙ ባርኔጣ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠርዟ ትከሻውን የሚጋርድ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ከራሱ ላይ ወርዳ አታውቅም፤ አንዷ ስታልቅ ሌላ ይገዛል። ሌሎቹ ቆርቆሮ መቺዎች አናታቸውን ለፀሐይ አስረክበው፣ ቢበዛ ጨርቅ ጣል አድርገው ሲሠሩ፣ እሱ ጥላውን ይዞ ይወጣል፣ ጥላውን ይዞ ይወርዳል። «እኔና ፀሐይ ከተኳረፍን ቆየን» ይላቸው ነበር። ብልጥ ነኝ ባይ ነበር፤ እውነት ለመናገር ብልጥም ነበር፣ ብልጠቱ ግማሽ መሆኑ ነው እንጂ።

ቆርቆሮ መቺ ሦስት እጅ ያስፈልገዋል። በአንዱ ቆርቆሮውን ይጫናል፣ በሌላው መዶሻውን ይይዛል። ሦስተኛው እጅ ከንፈሩ ነው፤ ሚስማሮቹን ደርድሮ ይነክስና አንድ በአንድ እየመዘዘ ይመታል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ የታች ከንፈሩ ደረቅና ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። አዲስ የገባ ሠራተኛ ከንፈሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰንጥቆ ሲደማ፣ ጓደኞቹ ከበው ያጨበጭቡለታል። «ተሾምክ!» ይሉታል። ቁስሉንም ሹመት ብለው ነው የሚጠሩት፤ ጠዋት ሲገናኙ «ሹመትህ እንዴት አደረ?» ይባባላሉ። ለቁስል እንዲህ ያለ የማዕረግ ስም ከወጣለት ማን ሐኪም ጋ ይሄዳል?

ባርኔጣም አልሄደም። የታች ከንፈሩ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ምስር የምታህል ቁስል ወጣች። ቅርፊት ትይዛለች፣ ቅርፊቷ ይነሣል፣ ትደማለች፣ መልሳ ቅርፊት ትይዛለች። ጥፋተኛው ሚስማሩ ነው ብሎ ፈረደ። ሚስማር መንከሻውን ወደ ግራ አዞረ፣ ቫዝሊን ቀባ፣ ሚስማሮቹን በፈላ ውኃ ዘፈዘፈ፣ በመጨረሻም የዛገ ሚስማር ሸጠህልኛል ብሎ ከባለሱቁ ጋር ተጣላ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስምንት ወር አለፈ።

አንድ ቀን ጠዋት ትኩስ ሻይ ገና አንዴ ፉት እንዳለ ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ ላይ የተሳሳተች አንዲት ስፌት ከሩቅ ታያለች። አገጩን ይዛ እንደ ጨርቅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«ይሄ ነገር የሚድነው መቼ ነው?»

«ሹመት ነው ባክሽ። ሚስማር ነው።»

«ስምንት ወር ሙሉ? ተነሥ፣ ዛሬ ትታያለህ።»

«የሰው ጣራ ግማሹን ከፍቼ መጥቼ የት ነው የምሄደው? ዝናብ ቢመጣስ?»

«ሰማዩን እየው፣ የምን ዝናብ ነው? እምቢ ካልክ እዚያው ጣራው ላይ ወጥቼ አወርድሃለሁ።»

ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። መሰላል ላይ ቀሚሷን ሰብስባ ስትወጣ ታየውና ጫማውን አጠለቀ።

የቆዳ ሐኪሟ ልጁ ብትሆን የምትመጥን ወጣት ናት። ከንፈሩን በአጉሊ መነጽር ደጋግማ አየችና ሥራውን ጠየቀችው። ነገራት።

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነዎት ማለት ነው።»

«ኧረ እኔን ፀሐይ አታገኘኝም» አለና ጉልበቱ ላይ ያስቀመጣትን ባርኔጣ አንሥቶ አሳያት።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ባርኔጣዋን ተቀብላ ገለባበጠቻት። «ጥሩ ባርኔጣ ነው። ግንባርዎንና ጆሮዎን ጠብቆልዎታል፣ ያስታውቃል። እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ አዲስ ቆርቆሮ ሲመቱ ዓይንዎን የሚያስጨፍንዎ ምንድን ነው?»

«ነጸብራቁ ነዋ!» አለ ባርኔጣ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ድምፅ። ከዚያ እጁ ወደ ታች ከንፈሩ ሄደ።

ሠላሳ ዓመት ዓይኑን ሲያስጨፍነው የኖረው ብርሃን የሚመጣው ከሥር ነበር። ባርኔጣዋ የምትጋርደው ከላይ ነው። አዲሱ ቆርቆሮ ፀሐይዋን እየተቀበለ ከባርኔጣዋ ጠርዝ ሥር ሲወረውርበት፣ አገጩን፣ የአፍንጫውን ሥር፣ ከሁሉም በላይ ቆዳው ስስ የሆነውን የታች ከንፈሩን ሲጠብሰው ኖሯል። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አስቦት ግን አያውቅም።

ሐኪሟ ጣቶቿን ከመንጋጋው ሥር አስገብታ አንገቱን ግራና ቀኝ ዳበሰች። «ከቁስሉ ትንሽ ቆርጠን እናስመረምራለን። ካንሰር ሊሆን ይችላል። ከሆነም ከንፈር ላይ ብቻ ሳለ ከደረስንበት ቆርጠን እናወጣዋለን። ወደ አንገት ዕጢ ከወረደ ነው ነገሩ የሚከብደው። የእርስዎ አንገት ላይ ምንም አላገኘሁም።»

ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ያለ ገመድ የጣራ ጫፍ ላይ የሚሄደው ሰውዬ እነዚያን ሁለት ሳምንታት ፈራ፤ ሌላ ስም የለውም፣ ፈራ። ሚስቱ ልብስ ስትሰፋ አጠገቧ ወንበር ስቦ ይቀመጥና መርፌ ያቀብላታል። ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ግን አልተዛመተም ነበር። ከከንፈሩ ጥፍር የምታህል ቆርጠው አወጡና ሰፉት። ሲድን ከንፈሩ በቀኝ በኩል ጎበጥ ብሎ ቀረ፤ «በ» እና «መ» ሲል አየር ያመልጠዋል። ሚስቱ ስፌቱን አይታ፣ «እኔ ብሆን ይሄን ያህል ሰብስቤ አልሰፋም ነበር» አለች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ወደ ሥራ ሲመለስ ብዙ ነገር ቀየረ። ከባርኔጣዋ ሌላ አፍንጫና አፉን የሚሸፍን ስስ ስካርፍ ጨመረ። ፊቱን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይቀባል፣ ለከንፈሩ የተሠራውን ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ይደጋግማል። ሚስማሩ ወደ ወገቡ ኪስ ወረደ። አዲስ ቆርቆሮ የሚመታው በማለዳ ነው፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ወርዶ ጥላ ሥር ቆርቆሮ ይቆርጣል፣ ስትበርድ ይመለሳል። የሆነውን ግን ለማንም አልነገረም። አፈረ። ባርኔጣ ያድናል እያለ ሠላሳ ዓመት ሲሰብክ የኖረው እሱ ነዋ።

ሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት ሥራ የሚጠብቁት የግንባታ ዕቃ መሸጫው በር ላይ ነው። እዚያ ሻለቃ የሚሉት አንድ አንጋፋ አለ፤ ጦር ሜዳ በፊልም እንጂ በአካል አያውቅም፣ ማዕረጉ የመጣው ሰው ሲያዝዝ ስለሚውል ነው። ባርኔጣን በስካርፍ ተሸፍኖ ባየው ቁጥር፣ «ሙሽሪት መጣች! ግለጪና እንይሽ እንጂ!» ይላል። ሁሉም ያውካካል። ባርኔጣ ሦስት ቀን «ለአቧራ ነው» እያለ አለፈ። በአራተኛው ቀን ሻለቃ ስካርፉን ሊገልጥ እጁን ሰደደ። ባርኔጣ ቀደመውና ራሱ ገለጠው።

ሳቁ ቀጥ አለ።

«ካንሰር ነበር» አለ ባርኔጣ፣ «በ»ን እንደምንም አውጥቶ። «ሚስማር እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ ናት፣ ከቆርቆሮው የምትመለሰዋ። እኔ ከላይ ከላይ ስጠብቃት በሥር መጣች።» ቅባቱንም፣ ስካርፉንም፣ ሰዓቱንም ነገራቸው። አንዳንዶቹ ከንፈራቸውን ዳሰሱ። አንዱ ቅባቱ የት እንደሚሸጥ ጠየቀ። ከዚያ አሠሪዎች መጡና ተበታተኑ።

ሻለቃ አልሄደም። እንደ ሌላው ቀን አልጮኸም፤ አጠገቡ ተጠግቶ፣ «እስቲ የኔን እየው» አለ። ባርኔጣ አገጩን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረው። የታች ከንፈሩ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ከጢሙ ጥግ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቅርፊት አለች።

«ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ዓመት ከምናምን። አያመኝም እኮ፤ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት።»

ባርኔጣ ጣቶቹን ከሻለቃ መንጋጋ ሥር አስገባ። በቀኝ ምንም የለም። በግራ በኩል አንድ ጠንካራ ነገር ጣቱ ላይ አረፈ፤ ቢገፋውም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«ምን አገኘህ?» አለ ሻለቃ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ ባርኔጣ። መዶሻውን ከእጁ ተቀበለው። «ና፣ አብሬህ እሄዳለሁ።»