በእጅ የተቀባችው ሃያ አምስት ፌኒግ

የታሰርኩት በቴምብር ነው። ሁለት ሰዎች መጥተው አልበሜን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ፤ ሌላ ዕቃ አልነኩም። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሜትር በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ አሥራ አንደኛ ሰው ሆኜ ገባሁ። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። በሩ አጠገብ ቢጫ ጄሪካን ነበረ።

"አንተስ በምን ገባህ?" አሉኝ ጥግ ላይ የተቀመጡ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት የሠሩ ናቸው።

ነገርኳቸው። ድሮ አንድ የጀርመን ፕሬዚደንት ሲሞቱ፣ ፖስታ ቤቱ የእሳቸው ምስል ያለበትን የተለመደ ቴምብር ዙሪያውን በጥቁር ከብቦ አሳተመ። ስድስት ዓይነት ነው። ስድስቱን በአንድ ገጽ ደርድሬ ፎቶ አነሳሁና በስልኬ ለቴምብር ሰብሳቢዎች ግሩፕ ላክሁ። ያ ሳምንት ደግሞ ወጣቱ በሰልፍ ላይ ለተገደሉት ሰዎች ሐዘን የፌስቡክ ፎቶውን በጥቁር የሚከብብበት ነበር። መርማሪው ቴምብሮቹ ራሴ ያጠቆርኳቸው የአድማ ምልክቶች ናቸው አለ።

"ጉድ ነው!" አሉ ሰውየው። "እኛ የገዛ ሟቻችንን አልቅሰን ገባን። አንተ ጀርመን ድረስ ለቅሶ ሄድክ?"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ጠጋ ብለው፣ "ጥቁሩ በማሽን የታተመ ከሆነ ውሃ አያስለቅቀውም። በእርጥብ ጥጥ ይሹት በላቸው" አሉኝ።

"አምስቱን አያስለቅቃቸውም።"

"ስድስት አላልክም?"

ስድስተኛዋን፣ ሰማያዊዋን ባለ ሃያ አምስት ፌኒግ፣ የጀርመን ሳንቲም መሆኑ ነው፣ ፈልጌ አጥቻት ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ጥቁር የሌላትን ተራዋን ወስደው፣ ዙሪያዋን በቀጭን ብዕር ቀብተው ሰጡኝ። "እውነተኛዋን እስክታገኝ ቦታዋን ትያዝልህ" ብለው። አላታለሉኝም። በማጉያ መነጽር ካዩት ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የብዕሩ ቀለም በጠርዙ ጥርሶች በኩል ወደ ወረቀቱ ሰርጓል፣ የፖስታ ቤቱንም ማኅተም ሸፍኖታል። በእውነተኞቹ ላይ ማኅተሙ ያረፈው ከጥቁሩ በላይ ነው። እኔም ከሥሯ በእርሳስ "በእጅ የተቀባ" ብዬ ጻፍሁ። ያልሆነውን ነው ብዬ አላስቀምጥም።

"የቀቡልህ ሰው ስንት ዓመታቸው ነው?" አሉ የማተሚያ ቤቱ ሰው።

"ሰባ ሁለት። ስኳር አለባቸው።"

ክፍሉን ዞር ብለው አዩት። "እዚህ ሳምንት አይቆዩም" አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት የጥጡን ነገር ለመርማሪው ነገርኩት፤ ጥጡን ራሱ ነከረ። አምስቱን አሸ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ ቀረ። ስድስተኛዋ ላይ ጠቆረ።

"አምስቱስ ይሁን" አለ። ደክሞት ነበር እንጂ አልተቆጣም። "ይችን ማን ቀባት? ስሙን ንገረኝና ወደ ቤትህ ሂድ።"

"እኔ ነኝ።"

"ራስህ ቀብተህ፣ ራስህ 'በእጅ የተቀባ' ብለህ ጻፍክባት?"

"አዎ። ካልተጻፈባት ሰው ይሳሳታል።"

ከዚያ የተጻፈ ወረቀት ገፋልኝ፤ "ስድስቱንም በእጄ ቀብቻለሁ" ይላል። "ስድስቱንም" የሚለውን ሰርዤ "አንዷን" ብዬ ጻፍሁ፣ ከስርዙ ጎን ፈረምኩ። ሌላ ወረቀት አላመጣም። ሰባት ወር ታስሬ ቆየሁ።

አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ዲኬተር ነው። የጥገኝነት ማመልከቻዬን ያዘጋጀሁት ሳንዲ ስፕሪንግስ አንዲት ጠበቃ ቢሮ ውስጥ፣ እዚሁ ካደገ አስተርጓሚ ጋር ነው። "ቴምብሯን የቀባኋት እኔ አይደለሁም" የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ዌይት፣ ብሮ። ታዲያ ማን ነው? ሎየሯ ስም ትፈልጋለች። ኬዝህን ስትሮንግ ያደርገዋል።"

"ባዶ ተወው።"

"ሪላክስ አድርግ፣ እዚህ ማን ያየዋል?"

"ባዶ ተወው።"

ትከሻውን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ።

በእጄ የጻፍሁት ሐሰት "አንዷን በእጄ ቀብቻለሁ" የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እውነት ተናገር የሚል ወረቀት ፊት ስቀመጥ አረምሁት። ስም መጨመር ግን ከእርማት አይቆጠርም።

ቴምብሯን የቀቡልኝ ሽማግሌ በሕይወት አሉ። ባለፈው እሑድ ደውዬላቸው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ አትላንታ ሙቀት ጠየቁኝ። የቴምብሯን ነገር አያውቁም፤ የታሰርኩት በፖለቲካ ይመስላቸዋል። እኔም ነው ብያቸዋለሁ።