ዶሮ ቤት ውስጥ የተሠራው ገንዳ

ሠፈሩ ጋሽ ቧንቧ እያለ ነው የሚጠራው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ስሙን ግን ጡረታ የሚያወጣለት አልተገኘም። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት አልፏል። ልጆቹ የየራሳቸውን ጎጆ ቀልሰው ስለሄዱ፣ ግቢው ውስጥ የሚያነጋግረው ፍጡር ቢኖር አራት ዳክዬዎች ነበሩ፤ አንድ ወንድ፣ ሦስት ሴት። ጠዋት በር ሲከፍትላቸው ከኋላው ተሰልፈው ይከተሉታል፤ እሱም የቀን ሠራተኛ እንዳሰማራ አለቃ ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል።

በስልሳ አራት ዓመቱ አገባ። ሰው ጉድ አለ፤ ይበል። ያገባት የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍን። ሲጠይቃት ያቀረበችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ዘጠኝ ዶሮዎቿም አብረዋት ይመጣሉ። እሱ እንኳን ዘጠኝ ዘጠናም ይምጡ አለ። ከድሮ ቤቷ ይዛ የመጣችው የስፌት መኪናዋንና እነሱን ነው። ጫጩት ሳሉ በካርቶን አድርጋ፣ አምፖል አብርታላቸው፣ መኪናዋ አጠገብ ያሳደገቻቸው ናቸው። በተለይ ነጠብጣቧ እግሯ ሥር ካልተኛች መርፌው አይሄድላትም ነበር።

እንግዲህ ዶሮና ዳክዬ አንድ ላይ ማኖር ለጀማሪ ቀላል ነው የሚመስለው። ሁለቱም ላባ አላቸው፣ ሁለቱም እንቁላል ይጥላሉ፤ ታዲያ ምን ገዷቸው? ጋሽ ቧንቧም እንደዚሁ አሰበ። ለአዲሲቱ ሚስቱ ስጦታ ይሆናል ብሎ ሁለት ሳምንት ላይ ታች ሲል ከርሞ አንድ ሰፊ ቤት ሠራ። ከላይ ለዶሮዎቹ ቆጥ፣ ከታች ለዳክዬዎቹ መኝታ። እዚህ ድረስ ማንም አይወቅሰውም። ጥፋቱ መሃል ላይ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛ ብቻ የሚያጠፋው ጥፋት። ከቤት ድረስ መስመር ስቦ፣ ሲሚንቶ ለስኖ፣ ዳክዬዎቹ ሳይወጡ እንዲዋኙ እዚያው ውስጥ ገንዳ ሠራላቸው። መሙያ አለው፣ መፍሰሻ አለው፣ አንድ ጠብታ የሚያመልጠው መገጣጠሚያ የለውም። ሲጨርስ ጠርቶ አሳያት። ዞር ዞር ብላ አየች፣ ገንዳው ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች፣ ከዚያ በጣም ያምራል አለችው። ልቡ ክንፍ አወጣ።

ቧንቧው አላፈሰሰም፤ ዳክዬዎቹ ናቸው ያፈሰሱት። ዳክዬ ከውሃ ሲወጣ የገንዳውን እኩሌታ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ቆሞ ይራገፋል፣ የበላውን ሊታጠብ መንቁሩን ይነክራል፣ ጭቃ ያቦካል። በአሥር ቀን ወለሉ ማጥ ሆነ። ጋሽ ቧንቧ እርጡቡን ሰጋቱራ ያወጣል፣ ደረቁን ያስገባል፣ እነሱ መልሰው ያረጥቡታል፤ ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ከዶሮዎቹ አንዷ ማስነጠስ ስትጀምር ብርድ መታት አለ። ብርዱ የሚገባው በዚህ ነው ብሎም ከጣሪያው ሥር የነበሩትን ክፍተቶች አንድ በአንድ ደፈናቸው። ቀዳዳ አይቶ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ምን ይደረግ? ከዚያ በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ መነጽሩን ያደበዝዘው ጀመር። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ትገባለች፣ የዶሮዎቹን አፍንጫ በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ተመልሳ መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። ምንም አትልም።

በሳምንቱ ሁለቱ ሞቱ። ከዚያ ሦስተኛዋ። አራተኛዋ ነጠብጣቧ ነበረች። ከስፌት በተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛት ስትወጣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የፈራው የዶሮ ሞት ብቻ አልነበረም። ልጇ በየሳምንቱ እየደወለች "እማዬ፣ ክፍልሽ እንዳለ ነው" እንደምትላት ይሰማል። የቀሯት አምስት ናቸው። እነሱም ካለቁ እዚህ ግቢ ምን ያስቀምጣታል ብሎ ሰጋ። በማግስቱ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ የእንስሳት ሐኪም ጠራ።

ሐኪሙ ዶሮዎቹን ከማየቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ሰጋቱራ ዘገነና ጨመቀው። ውሃው በጣቶቹ መሃል ወረደ። ቀና ብሎ ገንዳውን አየ፣ የተደፈኑትን ክፍተቶች አየ።

"ይሄን ቤት ማነው የሠራው?" አለ።

ጋሽ ቧንቧ አንገቱን ደፋ። አፉን ሊከፍት ሲል ሚስቱ ቀደመችው።

"ሁለታችን ነን" አለች።

ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ዶሮ ከምንም በላይ ደረቅ መኝታና አየር እንደሚፈልግ ተናግሮ ሄደ። ጋሽ ቧንቧ ካለበት አልተነቃነቀም። አንዲት ሚስማር እንኳ አልመታችም እኮ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

"አውቀሽ ነበር?" አላት።

"ምኑን?"

"ገንዳው እንደማይሆን።"

"ያሳየኸኝ ቀን ነው ያወቅኩት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? የገዛ ዶሮዎችሽ አይደሉም እንዴ?"

ቀሚሷ ላይ የቀረውን ክር እየለቀመች ነው የመለሰችለት። የመጀመሪያ ባሏ ሥራው ሲነቀፍ አይወድም ነበር። አንድ ጊዜ የሰቀለው መደርደሪያ ዘሟል ብትለው ሦስት ወር አኮረፋት። ከዚያ ወዲያ ሁሉን ነገር ጥሩ ነው እያለች ሃያ ሁለት ዓመት ኖረች።

"አንተ ደግሞ ያን ቀን እንደ ሕፃን ነበር የቦረቅከው" አለችው። "ደስታህን ከማጠፋ ዶሮዎቹ ይቅሩብኝ ብዬ ነው።"

ጋሽ ቧንቧ አፈረ፤ ከማፈሩ በላይ ግን አዘነላት። ያን ቀን ከሰዓት ውሃውን ዘጋና ገንዳውን በመዶሻ አፈረሰው። ክፍተቶቹንም መልሶ ከፈታቸው። እሷም እሱ እየወተወታት፣ አንድ አንድ ቃል እየጣለች፣ የምታውቀውን ታወጣ ጀመር። እናቷ ሁለቱንም ያረቡ ነበር ለካ። የዳክዬ ውሃ ከመኝታ ይራቅ። ለዳክዬ አፍንጫው የሚጠልቅበት ዕቃ ይበቃዋል፤ የዶሮዎቹ መጠጫ ግን እንዳያቦኩት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ወንዱ ዳክዬ ዶሮዎቹን ማሳደድ ከጀመረ ለብቻው ይታጠር፤ ይጎዳቸዋል። ስለ እናቷ ዳክዬዎች ስታወራ ጥሩ ትናገራለች። ስለ እሱ ሥራ ሲጠይቃት ግን አሁንም ጥሩ ነው ከማለት አታልፍም፤ ይሄ ነው እንደ እሾህ የወጋው።

በሳምንቱ መጨረሻ ግቢው ውስጥ፣ ሜዳው ላይ፣ አዲስ ገንዳ ቆፈረ። አርባ ዓመት ፍሳሽ ሲያስወርድ የኖረ ሰው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አይጠፋውም። አውቆ ነው ከዶሮዎቹ በላይ፣ ከፍታው ላይ የቆፈረው። ድንጋይ ደርድሮ፣ ሲሚንቶ ለስኖ ጠራት። መጣች። ዞረችው። ቁልቁለቱን አየች፣ የዶሮዎቹን ቤት አየች።

"ጥሩ ነው" አለች።

እሱ መዶሻውን መሬት አስቀምጦ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ሁለት ጊዜ ወደ ቤት ልትገባ መንገድ ጀምራ ተመለሰች። ጠበቃት።

"ተሳስተሃል" አለችው በመጨረሻ። "ዝናብ ሲመጣ ሞልቶ ዶሮዎቹ ላይ ነው የሚወርደው።"

ብላ ፊቱን አየች፤ ኩርፊያውን ትጠብቃለች። ጋሽ ቧንቧ እውነትሽን ነው ብሎ ተነሣና ያልደረቀውን ሲሚንቶ ማፍረስ ጀመረ። ድንጋዮቹን እንዳትሰብራቸው፣ ታች ለምትሠራው ይሆናሉ አለችው። ተው፣ እዚያ አትከምራቸው፣ መንገድ ይዘጋሉ አለችው። እስኪመሽ ድረስ ሦስት ሌላ ስህተት አገኘችበት፤ ሁለቱን እሱም አላወቃቸውም ነበር።